አባዬ ሥራ ላይ ነው

ከዙሪክ ወጣ ብሎ፣ ኅዳር ወር 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደም ግፊትሽ አሁንም የሚነሳው ዜና ስትሰሚ ነው ወይስ ጎረቤት ስታዪ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በእመቤታችን አማላጅነት፣ ከዚያ የጎደለውን ደግሞ በስዊዘርላንድ ግብር ከፋይ ደግነት፣ አለሁ። ሉሉም አለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ብቅ ብሏል፤ ስትስቅ አጥሩ የተነቀለ ግቢ ትመስላለች። «ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም» ብዬ መቀጠል ልማዴ ነበር። ዛሬ ያንን ዘልዬዋለሁ። ለምን እንደዘለልኩት ዝቅ ስትዪ ትደርሺበታለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። ስልኩንማ አውቀዋለሁ። ስደውልልሽ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፤ እኔ ከእናቴ ጋር የማወራ ይመስለኛል፣ ለካ ከቀበሌው ጋር ነው። ባለፈው ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ሳልጨርስ ከበስተጀርባሽ ፌጦም ዳማከሴም ታዘዘልኝ። የዛሬው ወሬ ግን ለአንቺ ብቻ ስለሆነ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ለምትመጣው ለወርቅውሃ በእጇ ሰጥቻታለሁ። ወርቅውሃ እዚህ የአረጋውያን ቤት የምትሠራ ደህና ልጅ ናት። ፖስታውን ግን በሙጫ ነው ያሸግኩት፤ ደህና ልጅም ቢሆን ሰው ነው።

ሉሉ ስልክ ላይ አልመጣ አለች ብለሽ እንደተቀየምሽ አውቃለሁ። «ልጂቱን ፈረንጅ አደረግሻት፣ አያቷን ናቀች» ብለሽኛል። አልናቀችሽም። ዝም ያለችው ምክንያት ስላላት ነው። ምክንያቱ ከእኔ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ደግሞ ከአንቺም ነው። እንግዲህ ነጠላሽን አስተካክይና ቁጭ በይ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ይህ ደብዳቤ ከዋሲሁን ሰላምታ የለበትም። ስንት ዓመት «ዋሲሁን እጅ ነስቷል፣ ጉልበት ስሟል» ስልሽ ኖሬያለሁ። እማዬ፣ ሰውየው ጉልበትሽን ከሳመ ቆይቷል። ሉሉ ግድግዳ ይዛ መቆም በጀመረችበት ሰሞን «ጄኔቭ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ተደላድዬ እወስዳችኋለሁ» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ተደላድሎ መሆን አለበት። ከዚያ ወዲህ ጉልበትሽን በውክልና ስስም የኖርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባሽ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እኔ እዚህ አገር የገባሁት፣ እንደምታውቂው፣ ጄኔቭ በዲፕሎማት ቤት ሠራተኛነት ነው፤ ያ ምርጫ በተደረገ በዓመቱ። ዋሲሁንም በዚያው ሰሞን የመጣ ነው። በምርጫው ግርግር ተደብድቤያለሁ ይላል፣ ጠባሳውንም ያሳያል፤ አንዳንድ ቀን ግን ጠባሳው ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ትከሻ ተሻግሮ ይገኛል። የቤቱ ጌቶች ወደ አገራቸው ሲመለሱ እኔ ጥገኝነት ጠየቅኩና ዙሪክ ተመደብኩ፤ እሱም ተከትሎኝ መጣ። አንድ አባት ባርከውን አብረን ኖርን፤ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ግን አልተፈራረምንም። ለሉሉ አባትነቱን ፈርሞላታል። ለእኔ የፈረመልኝ ነገር የለም። ከተማችን በሽሊረንና በዲቲኮን መካከል ያለች ናት፤ ስሟን ብጽፍልሽ መነጽርሽ አይበቃትም።

ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ትያለሽ። ልነግርሽ ስልኩን ያነሳሁበት ቀን ብዙ ነው። አንቺ ግን ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ባለቤትሽ እንዴት ነው?» ትያለሽ፤ ከኋላሽ ደግሞ እድርተኛው ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ይሰማኛል። «ሥራ ላይ ነው» አልኩሽ። ደስ አለሽ። በሚቀጥለው ሳምንትም ሥራ ላይ ነበር። ሥራ ወዳድነቱን ሳየው እኔም አሳዘነኝና ትንሽ ቆይቼ የክፍል ኃላፊ አደረግኩት። ያን ጊዜ በግ አርጃለሁ ብለሽኛል፤ ለዚያ በግ አሁንም ይጸጽተኛል።

እዚህም ቢሆን አፍ አልተዘጋም። ትርፍነሽ የምትባል ሴት አለች፤ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ የሚቀመሰውን የምታሰናዳ፣ የዙሪክ ሐበሻ ዜና አገልግሎት ናት። ሶሻል ምን እንደሆነ መቼም ታውቂያለሽ፤ ገቢው ላልበቃው ሰው ኪራይና ቀለብ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። ትርፍነሽ «እከሌ ሶሻል ገባ» ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ አስከሬን ያለበት ቤት የገባች ነው የሚመስለው። «እከሊት ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው» ስትል ደግሞ ድምፅ ከናካቴው አይወጣትም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። በዚያ ከንፈር ላይ መንቀሳቀስ ፈራሁ። «ዋሲሁን የሌሊት ፈረቃ ነው» አልኳት። «ምስኪን፣ እንቅልፍ አጣ እኮ» አለች።

ቦሌ ስትሸኚኝ ጆሮዬ ላይ ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? «ብቻሽን ካደርሽ ደጅሽ ላይ የወንድ ጫማ አስቀምጪ፤ ሌባውም አላፊ አግዳሚውም ወንድ አለ ይበል» ነው ያልሽኝ። እዚህ አገር ደግሞ ጫማ የሚወለቀው ከበር ውጭ፣ ደረጃው ላይ ነው። በየበሩ ተደርድሮ የቤተሰቡን ብዛት ለመንገደኛ ይናገራል። የእኛ በር ላይ የእኔና የሉሉ ብቻ ነበር፤ ትርፍነሽ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ዓይኗ ከዚያ አልነቀል አለ። ምክርሽን ሰማሁ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት ጥቁር የወንድ ጫማ ገዛሁ። ትልቁን የመረጥኩት፣ ካልቀረስ ትልቅ ባል ይሁን ብዬ ነው።

ሉሉንም አሠለጠንኳት። ስልክ ላይ አንቺ፣ ቤተ ክርስቲያን ትርፍነሽ «አባትሽ የት ነው?» ስትሏት «አባዬ ሥራ ላይ ነው» እንድትል። አማርኛዋ ተሰባብሮ «እኔ ትናንት መጣ» የምትል ልጅ፣ ይቺን አንዷን ግን እንደ ዜና አንባቢ ነበር የምታወጣት። አንቺም «አፏ ሲጣፍጥ» ብለሽ መርቀሻታል።

አሁን ወደ መንግሥት ልምጣ። ባል ሲሄድ ሶሻል መጣ። እኔ ግማሽ ቀን መጋዘን ውስጥ ልብስ አጣጥፌ ካርቶን ውስጥ እከታለሁ፤ ለዚህ አገር ኪራይ ግማሽ ቀን ምንም አይደለም። ሶሻል እንደ ባል ነው፣ እማዬ። ኪራይ ይከፍላል፤ በምላሹ የት ዋልሽ፣ ከማን ጋር ዋልሽ፣ ይህን ሶፋ ማን ገዛልሽ ይላል። ከዋሲሁን የሚለየው ኪራዩን እውነትም መክፈሉ ነው። አባቷ ለሉሉ ሊሰጥ የሚገባውን ተቆራጭም አስቀድሞ ይሰጥና ዞሮ ዋሲሁንን ያፈላልጋል። ዋሲሁን ደግሞ ባለመገኘት የተካነ ነው።

እኛን መቁጠር ይወዳሉ። በየዓመቱ፣ ባቡር ላይ በነፃ በሚታደለው ጋዜጣ፣ ከአየር ጠባዩ ዜና ከፍ ብሎ የሶሻል ተረጂውን ብዛት የሚያሳዩ ባለቀለም ዘንጎች ተሰልፈው ታያለሽ። አንዱ ዘንግ ለሽማግሌዎች፣ አንዱ ለወጣቶች፣ አንዱ ልጅ ለሌላቸው ባልና ሚስት። ከመካከል እንደ ግራር ወጥቶ የቆመው የእኛ ነው፤ «ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ» ይላል። በሕይወቴ ከሌላው ልቄ የታየሁት በዚያ ዘንግ ላይ ብቻ ነው። ዘንድሮም ጨመሩ ተባለ። ለምን ጨመሩ ተብሎ ክርክር ተደረገ። አንዱ ሴቶቹ ሰነፉ አለ። ሌላው ኪራይ ተወደደ አለ። ሦስተኛው ተነስቶ «ባላቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቀው የሚቀበሉ አሉ» አለ። አባቶቹ የት ገቡ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ለእነሱ ዘንግ አልተሠራላቸውም።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ልጆች ትምህርት በሌላቸው ሰዓት፣ በር ተንኳኳ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው፤ ከሶሻል መምጣታቸውን የሚገልጽ መታወቂያ አሳዩኝ። ጨዋዎች ናቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። በካልሲ ሆኖ ቤትሽን የሚፈትሽ መንግሥት አይተሽ አታውቂም፣ እማዬ። ሰውየው ካልሲው ላይ ዳክዬ ተስሎበታል። «ከወንድ ጋር እንደምትኖሪ ጥቆማ ደርሶናል» አሉኝ። ማን ጠቆመ አልነገሩኝም፤ እኔም በማንም አልፈርድም። ባል አለኝ ብዬ በየደጁ ያወጅኩት እኔው ነኝ።

ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። ቀሚሶቼ እንደ ምስክር ተሰልፈው ቆሙ። መታጠቢያ ቤት ገብተው የጥርስ ብሩሾቹን አዩ። አልጋዬን አዩ። ሁሉም ነገር ለእኔ እየመሰከረ ነው ብዬ መተንፈስ ስጀምር ሴትየዋ ወደ በሩ ተመልሳ «ያ ጥቁሩ ጫማ የማን ነው?» አለችኝ።

«የማንም» አልኳት።

ሰውየው ጫማውን አንስቶ ከእግሩ ጋር አስተያየውና «ማንም እንዲህ ያለ እግር አለው?» አለ። እየቀለደ አልነበረም።

ላስረዳቸው ሞከርኩ። እናቴ፣ ሌባ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዲት ሴት ከንፈሯ... ጀርመንኛዬ ዳቦ ለመግዛትና ባቡር ለመጠየቅ ደህና ነው። ለይሉኝታ የሚሆን ቃል ግን አልፈልቅልኝ አለ። በዚህች አገር ቋንቋ ሲነገር ስሰማው የጫማ ታሪኬ የእብድ ወሬ መሰለኝ። 

ሉሉ ምንጣፉ ላይ ተንጋላ ስትስል ነበር። ሴትየዋ በርከክ አለችላትና በለሰለሰ ድምፅ ፓፒ የት ነው አለቻት። እዚህ አባትን ፓፒ ነው የሚሉት። ሉሉ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እንደ ሁልጊዜው ልበል ወይ ማለቷ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም። ከዚያ ተነስታ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ በእነሱው ቋንቋ «ደ ፓፒ ኢሽ አም ሻፌ» አለች።

አባዬ ሥራ ላይ ነው። ለእነሱ ስትል ተርጉማው፣ እማዬ። ማንም ሳያስተምራት። ሰውየው ጻፈ።

«የለም» አልኩ። «አባቷ የለም። ትቶን ሄዷል። ከሄደ ዓመታት ሆኖታል። የት እንዳለ አላውቅም። እንደዚያ የምትለው እኔ ስላስጠናኋት ነው።» ይህን ሁሉ በጀርመንኛ ነው ያልኩት። በአማርኛ ቢሆን ሉሉን ግማሹ ያመልጣት ነበር። ጀርመንኛዋ ግን ከእኔ ይበልጣል።

ሉሉ እርሳሶቿን ሰብስባ ሣጥናቸው ውስጥ ከተተች። ሣጥኑን ዘጋች። ከዚያም ለእኔ ሳይሆን ለሴትየዋ «እኔ ስተኛ ነው የሚመጣው። ጫማው አለ እኮ» አለቻት።

እኔ ውሸት ያስጠናኋት መስሎኝ ነበር። ለእሷ ውሸት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በሩን ስንቆልፍ ጎንበስ የምትለው የራሷን ጫማ ልታስር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የእሱ መኖሩን አይታ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። የቤት ኪራዬን ላድን ብዬ የልጄን አባት፣ በካልሲ በቆሙ ሰዎች ፊት፣ ቀበርኩባት። ለቅሶ የሚደርሰን ሰው እንኳ አልነበረም፤ ትርፍነሽ የምታውቀው ሌሊት ፈረቃ ላይ መሆኑን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ። ነገሩ እስኪጣራ ድጎማው ታግዷል፤ ብቻዬን መኖሬን እንዳረጋግጥ ጊዜ ተሰጥቶኛል፤ ካላረጋገጥኩ እስከ ዛሬ የወሰድኩትን እመልሳለሁ፣ ቤቱንም እለቃለሁ። ባል እንዳለሽ ለማረጋገጥ አንድ ወረቀት ይበቃል። እንደሌለሽ ለማረጋገጥ ግን ባልየውን ማምጣት ሊያስፈልግ ነው። ጄኔቭ አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ «ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ሲገባ አየሁት» ያለችው ትዝ አለኝና ሉሉን ለወርቅውሃ ሰጥቼ ባቡር ተሳፈርኩ።

ለዛቫንሼ ከትልቅ የገበያ አዳራሽ አጠገብ የተኮለኮለ የፎቅ መንደር ነው። ልጂቱ የነገረችኝን በር አገኘሁና አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ የጽዳት ሠራተኛ ሽርጥ ያደረገች፣ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ሴት ናት። ስሟ ኂሩት ነው። ዋሲሁንን ፈልጌ ነው፣ የዱሮ ወዳጅ ነኝ አልኳት።

«ሥራ ላይ ነው» አለችኝ።

አባባሏ ነው የያዘኝ። ቶሎ ማለቷ፣ አገጯን ቀና ማድረጓ፣ ደግሞም ከዚያ በኋላ ምንም አለመጨመሯ። ያንን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ስፌቱን አጥቼው አላውቅም። በዚህ መካከል የሉሉ ታናሽ የምትሆን ልጅ፣ ሔቨን ትባላለች፣ ከእናቷ ሽርጥ ኋላ ብቅ ብላ በፈረንሳይኛ «ፓፓ ትራቫይ» አለችኝ። ያችው «አባዬ ሥራ ላይ ነው» ናት። ተተርጉማ ስትመጣ ለሁለተኛ ጊዜ መስማቴ ነው።

«መቼ ነው የሄደው?» አልኳት ኂሩትን።

«ጠዋት» አለች።

«የጠዋቱን አይደለም» አልኳት።

በሩን ይዛ ቆየች። ከዚያ ለቀቀችውና ገባሁ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አንቺ ነሽ እብዷ?» አለች። በሌሊት በቢላ ያባረርኩት እኔ መሆኔን ነግሯታል። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት፤ «አይዞሽ፣ አሁን የሆነ ቦታ እብዷ አንቺ ነሽ።» ሳቀች። ሳቁ መንገድ ላይ ተበላሸና በሽርጧ ዓይኗን ያዘች። ፋሲካን አብሯቸው ውሏል። ከዚያ ሎዛን ሥራ አገኘ። ሊደላደል።

ኂሩት ከንጋት በፊት ቢሮ ታጸዳለች። ሔቨንን ተኝታ ትታት ነው የምትወጣው፤ ብትነቃ ጎረቤት እንድትሰማ በሩን አትቆልፈውም። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሶሻል ለምን አትገቢም አልኳት።

«እናቴ ትሰማለች።»

«እናትሽ የት ናት?»

«ጎንደር።»

«ጎንደር ሆና የጄኔቭን ሶሻል በምን ትሰማለች?»

«ሰው ያያል፣ ሰው ይደውላል» አለች። ከዚያ፣ እንደሚሰማት ሰው፣ ግድግዳውን አየች።

እማዬ፣ ጋዜጣ ላይ ዘንግ የሚሰቅሉት ሰዎች ኂሩትን አያውቋትም። ጨመሩ ብለው የሚጮኹት እንደሷ ያሉት ተደብቀውላቸው ነው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ባይኖረን ኖሮ ያ ዘንግ ገጹን ጥሶ የአየር ጠባዩን ይደረምሰው ነበር። እኛ ድሆች የዚህን መንግሥት በጀት በሐፍረታችን እየደጎምን መሆናችንን የሚናገርልን አጣን።

ከእሷ የምፈልገው ቀላል ነበር፤ ዋሲሁን እነዚህን ዓመታት ከእሷ ጋር መኖሩን በጽሑፍ እንድትመሰክርልኝ። ከእሷ ጋር ከኖረ ከእኔ ጋር አልኖረም ማለት ነው። ወረቀቱን ፊቷ አስቀመጥኩ። እስክሪብቶውን ይዛ አሰበች፤ አስቀመጠችው፤ ለሔቨን ጭማቂ ቀዳች፤ ተመልሳ አሰበች።

«ፋሲካ ላይ ሄደ ብዬ ከጻፍኩ እኔም ብቻዬን ነኝ ማለት ነው» አለችኝ።

«ሳትጽፊም ነሽ» አልኳት።

ክፉ አነጋገር ነው፤ አውቃለሁ። የኔን ቤት ለማዳን የሷን ደጅ ልከፍት ነው የሄድኩት። ጻፈች። ስትጨርስ «ለዙሪክ ሐበሻ አትንገሪ» አለችኝ፣ ዙሪክን እንደ ሩቅ አገር። አድሬ በማግስቱ የእነሱን ሶሻል አብሬያት ሄድኩ። ፈረንሳይኛዬ ከጌቶቼ ወጥ ቤት የተረፈ ነው፤ ሾርባው ቀዝቅዟል ለማለት ይበቃል። የእሷ ግን ደህና ነው፤ መግቢያው ላይ እጄን ለቀቀችና ራሷ ተናገረች። በሚቀጥለው ዓመት የጄኔቭ ዘንግ የጥፍር ቁራጭ ታህል ከፍ ብሎ ቢገኝ ከዚያ ውስጥ የእኔ አስተዋፅኦ አለበት። የዋሲሁን ግን ከሁላችንም ይበልጣል። በሁለት ከተማ ቁጥር እንዲያድግ እንዲህ የደከመ ስደተኛ ያለ አይመስለኝም፤ አሁን ደግሞ ሎዛን ተዛውሯል።

የኂሩት ወረቀት ሠራልኝ። ድጎማው ተመለሰ። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ለተፈጠረው መጉላላት የሚል ነገር አለበት፣ ምን እንደተጉላላ አይናገርም። ትርፍነሽም ሰምታለች፤ ባለፈው እሑድ ከሩቅ ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ወደ አንቺ መድረሱ አይቀርምና ከእኔ አፍ ይቅደም ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ። ለእድርተኛው የክፍል ኃላፊው ከሥራ ተሰናበተ በያቸው፣ ካስፈለገሽ።

ቤቱ ተረፈ። ሉሉ ግን፣ ትሰሚኛለሽ፣ አታኮርፍም፤ ትበላለች፣ ትማራለች፣ ትስላለች። የአንቺ ስልክ ሲጠራ ብቻ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍተዋለች፣ እስክንጨርስ። ለምን እንደሆነ ብዙ ቀን ለመንኳት። በመጨረሻ በዚያች በተቀላቀለች አማርኛዋ ነገረችኝ፤ «አያቴ አባትሽ የት ትላለች። ሥራ ካልኩ ውሸት ነው። የለም ካልኩ አንቺ ታለቅሻለሽ።»

ከእንግዲህ አያትሽ አትጠይቅሽም፣ እኔ እነግራታለሁ አልኳት። «ወንድ አያቴስ የት ነው?» አለችኝ።

እኔም፣ ምላሴ ልማዱ ነውና፣ «ወንድ አያትሽማ መንገድ ሥራ ላይ ነው» አልኳት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ልጅ ሆኜ አንቺ የምትዪኝ ነው። አንድ ሰሞን አሰብ መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ ጅማ መንገድ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው ቆላ። ለበዓል ሊመጣ ነበር፤ ጎርፍ ድልድይ ወሰደበት። ትምህርት ቤት የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምናገረው። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ስደት ወጥቼ፣ ወልጄ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን አንድም ቀን ደግሜ አስቤው አላውቅም። አገሩን ሁሉ አስፋልት አልብሶ ሲጨርስ ይመጣል እንዳልኩ ኖሬያለሁ መሰለኝ።

ሉሉ ፊቴን አየች። የዚያች የሶሻል ሴትዮ አስተያየት ነበር፤ የለሰለሰ፣ ግን የማይነቀል። «አያቴ ናት ያለችሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«አንቺስ ምን አልሻት?»

ምንም አላልኩሽም፣ እማዬ። ዛሬም ምንም አልልሽም። እኔ የምጠይቅሽ ነገር የለም፤ ቀኑ መሽቶብኛል፣ መልሱንም ሳላውቀው አልቀረሁም። ሉሉ ግን ትጠይቅሻለች። ይህን ወረቀት ስጽፍ አጠገቤ ቆማ ጻፊላት ብላኛል። አያቴ እውነቱን ስትነግረኝ ስልክ ላይ እመጣለሁ፤ እኔም እነግራታለሁ፤ ብላለች። ማን ቀድሞ ይናገር የሚለውን ገና አልተስማማንም፤ እኔ ግን በዕድሜ ይሁን ብያለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ፣ ከክፉ ወሬ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። ከዚህ ቤት የምንልክልሽ ሰላምታ የእኔና የሉሉ ነው፤ ሌላ ሰው የለም።

ልጅሽ፣
የሉሉ እናት